«ቫሊድ ነው» ያለው ማን ነው?

ኤክስኤምኤል ጽሑፍን በታግ፣ ማለትም በምልክት፣ እየለዩ የሚጻፍበት የፋይል ቅርጽ ነው፤ «ቫሊድ» ማለት ደግሞ ፋይሉ የተጻፈለትን ሕግ አሟልቷል ማለት ነው። አንድ ሰው «የኤክስኤምኤል ፋይሉ ቫሊድ ነው» ሲለኝ ወዲያው የምጠይቀው «በየትኛው መሣሪያ?» ብዬ ነው። ቀጥዬ ደግሞ «ከተገጣጠመ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» እላለሁ። ለብዙ ሰው ይሄ ነገር ማብዛት ይመስለዋል። ፋይሉ ወይ ትክክል ነው ወይ አይደለም፤ ሌላ ምን አለው? ሌላ አለው። ሰነዱ አንድ ወጥ ፋይል ሲሆን ጣጣው ትንሽ ነው። በብዙ ፋይል ተከፋፍሎ፣ ብዙ ሰው እየጻፈው፣ በብዙ መሣሪያ የሚያልፍ ሲሆን ግን «ቫሊድ» የሚለው ፍርድ በየሱቁ እንደሚለያይ ኪሎ ይሆናል። ይህን ጉዳይ ከልቤ ስለምይዘው ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የምሠራው የማሽን መመሪያ በሚያዘጋጅ ቡድን ውስጥ ነው። የምንጽፈው በዶክቡክ ነው። ዶክቡክ ኤክስኤምኤል ገና ሳይወለድ በ1991 የተጀመረ፣ ለቴክኒክ መጻሕፍት የተሠራ የታግ ቋንቋ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ጽሑፉን «ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ የሥራ ቅደም ተከተል ነው፣ ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው» እያለ ይለያል። አሁን የምንጠቀምበት አምስተኛው ትውልድ ሕጉ የተጻፈው ሪላክስ ኤንጂ በሚባል የስኪማ (የሰነድ ሕግ) ቋንቋ ነው። ሪላክስ ኤንጂ ሊገልጻቸው የማይመቹ ጥቂት ሕጎች ደግሞ ስኪማትሮን በሚባል ሌላ የሕግ ቋንቋ ተጨምረዋል።

አንድ መመሪያ አንድ ፋይል አይደለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱ ፋይል አለው። ከምዕራፍ ያነሱ፣ በብዙ መመሪያ ውስጥ የሚደጋገሙ ትንንሽ ፋይሎችም አሉ። ከእነሱ አንዱ «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የተጻፈው አንድ ቦታ ነው፤ መመሪያዎቹ ሁሉ ከዚያ ይጠሩታል። ቃሉ ሲስተካከል በሁሉም ይስተካከላል። ሰነድን የመከፋፈል ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት የአንዱ ወይም የሌላው ሠሪ ስንፍና አይደለም። ከሥሩ የመጣ ነው። ኤክስኤምኤል በፌብሩዋሪ 1998 የድረ ገጽ ደንቦችን በሚያወጣው በዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም ሲጸድቅ ደንቡ ሁለት ደረጃ ለየ። የመጀመሪያው ዌል-ፎርምድ መሆን ነው። የተከፈተው ታግ ሁሉ ተዘግቷል፣ ታጎቹ አልተጠላለፉም ማለት ነው። ሁለተኛው ቫሊድ መሆን ነው። ሰነዱ ዲቲዲ ከተባለው የሕግ ዝርዝር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። እስከዚህ ጥሩ። ግን ያው ደንብ ፋይሉን የሚያነቡትን ፕሮግራሞች፣ ፓርሰር የምንላቸውን፣ ቫሊዴት በሚያደርጉና በማያደርጉ ይከፍላቸዋል። የማያደርጉት በውጭ ፋይል ያለውን የሰነዱን ክፍል እንዲያነቡ አይገደዱም። ስለዚህ አንዱ ፓርሰር አሥር ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ያነባል። ሌላው ያንኑ ፋይል ከፍቶ አሥር ባዶ ቦታ ያገኛል። ሁለቱም ደንቡን አክብረዋል።

ያኔ ሰነድ የሚከፋፈለው በኢንቲቲ ነበር። በዋናው ፋይል አናት ላይ «ምዕራፍ አንድ ማለት እዚያ ያለው ፋይል ነው» ተብሎ ይታወጃል፤ ከዚያ መሃል ላይ ስሙ ይጠራል። ፓርሰሩ ስሙ ጋ ሲደርስ ፋይሉን ይጎትታል። ቀላል ነው። ሆኖም የሚጎተተው ፋይል የራሱን ዲቲዲ እንዲያውጅ አይፈቀድለትም። ምዕራፉን የሚጽፈው ሰው ምዕራፉን ብቻውን ከፍቶ ልፈትሸው ቢል ፋይሉ ሕጉ የት እንዳለ አይነግረውም። ያም ሆኖ ለዓመታት ተሠርቶበታል። በኋላ ደግሞ የደኅንነት ጣጣ መጣ። ክፉ ሰው የላከው ፋይል በኢንቲቲ በኩል የሰርቨሩን የግል ፋይሎች እንዲያስነብበው ማድረግ እንደሚቻል ታወቀ። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ፓርሰሮች የውጭ ኢንቲቲን ዘግተው ነው የሚመጡት። ልክ ናቸው። ለአሮጌ ሰነዶች ግን ውጤቱ ከባድ ነው። ፓርሰሩ ወደ አዲስ ስሪት ሲቀየር ትናንት ሙሉ የነበረው መጽሐፍ ዛሬ ጎዶሎ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ፋይልን በፋይል ውስጥ የማስገቢያ ደንብ የሆነው ኤክስኢንክሉድ በ2004 መጨረሻ ሲጸድቅ ብዙው ችግር ተቃለለ። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ሰነድ ሆነ። በዋናው ፋይል ውስጥ «እዚህ ቦታ ያንን ፋይል አስገባ» የሚል ኤለመንት (በታግ የሚለይ የሰነድ ክፍል) ይቀመጣል፤ የገጣጣሚው ሥራ ያንን መተካት ነው። ለእኔ ከኢንቲቲ በብዙ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ለተጠቃሚው ትቶታል። ማስገባቱ ከስኪማ ፍተሻው በፊት ይሁን በኋላ ደንቡ አያዝም። የእኛ የዕለት ተዕለት ራስ ምታት የሚጀምረው እዚህ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ማስጠንቀቂያው በሚገባበት ቦታ «አስገባ» የሚለው ኤለመንት አለ። ጸሐፊው ፋይሉን በኤዲተሩ ከፍቶ ሳይገጣጥም በዋናው የዶክቡክ ስኪማ ይፈትሸዋል። ስኪማው «አስገባ» የሚባል ኤለመንት ስለማያውቅ ቀይ መስመር ይሰጠዋል። ጸሐፊው ምንም አላጠፋም። የዶክቡክ ሰዎች ይህን አውቀው «አስገባ»ን የሚፈቅድ ሁለተኛ ስኪማ አብረው ያወጣሉ። በዚያኛው ሲፈትሸው አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴው የሚናገረው ግን ስለ ምዕራፉ ብቻ ነው። ሊገባ ስላለው ፋይል አንድም ቃል አልተናገረም። ያ ፋይል ውስጥ ከማስጠንቀቂያ ይልቅ ሌላ ምዕራፍ ቢኖርም ኤዲተሩ አያይም። ሌሊት ሰነዱን የሚያጠናቅረው ሰርቨር ደግሞ መጀመሪያ ይገጣጥምና በዋናው ስኪማ ይፈትሻል። ጠዋት ስንገባ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ፋይል ሆድና ጀርባ ሆነው እናገኛቸዋለን። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

መሣሪያዎቹም በዚህ ላይ የየራሳቸው ልማድ አላቸው። ኤክስኤምኤል-ሊንት የሚባለው፣ ሊብኤክስኤምኤል2 በሚባል የፕሮግራም ላይብረሪ ላይ የቆመው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ፣ በዲቲዲ ፈትሽ ሲባል የሚፈትሸው እያነበበ ሳለ ነው፤ ማለትም ከመግጠሙ በፊት። ከገጠመ በኋላ እንዲፈትሽ «ፖስትቫሊድ» የሚባል ሌላ ማዘዣ አለው። በሪላክስ ኤንጂ ፈትሽ ሲባል ደግሞ አስቀድሞ ግጠም ከተባለ የሚፈትሸው የተገጠመውን ነው። ጄምስ ክላርክ የሠራው ጂንግ የተባለ የሪላክስ ኤንጂ ፈታሽ ደግሞ ራሱ አይገጥምም። ከሥሩ ያለውን ዜርሰስ የተባለ ፓርሰር «ኤክስኢንክሉድ ተጠቀም» ብሎ በጃቫ ቅንብር ማዘዝ ያስፈልጋል። ያን ቅንብር የማያውቅ ሰው ጂንግን በትክክል ተጠቅሞ ሌላ ሰነድ ሲፈትሽ ይውላል።

ከዚህ ሁሉ ሰዎችን በጣም ግራ ያጋባው ግን ኤክስኤምኤል ቤዝ የሚባለው አትሪቢዩት (ታጉ ላይ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ነው። ገጣጣሚው አንድ ፋይል ሲያስገባ፣ የገባው ኤለመንት ላይ «እኔ የመጣሁት ከዚህ ፋይል ነው» የሚል አትሪቢዩት ይለጥፋል። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ምዕራፉ በአንድ ፎልደር፣ ሥዕሎቹ ከእሱ አጠገብ ባለ ሌላ ፎልደር ነው ያሉት። ምዕራፉ ወደ ዋናው ፋይል ሲገባ የሥዕሎቹ አድራሻ ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር ካልታወቀ ሥዕሎቹ ይጠፋሉ። ይሁን እንጂ ስኪማው ይህን አትሪቢዩት ካልፈቀደ ፍተሻው ይወድቃል። አዲሱ ዶክቡክ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቶች ለራሳቸው የሚሠሯቸው ስኪማዎች ግን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ውጤቱ ማንም ሰው ያልጻፈው አትሪቢዩት «አይፈቀድም» ተብሎ ኤረር መዝነብ ነው። ጸሐፊው ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ አያገኘውም።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ገጣጣሚውን «አትለጥፍ» ማለት ነው፤ ኤክስኤምኤል-ሊንትም ዜርሰስም ለዚህ ማዘዣ አላቸው። ሌላው ስኪማውን አስተካክሎ መፍቀድ ነው። ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ኤረሩን ያጠፋል፤ ሥዕሎቹንም አብሮ ያጠፋል።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልመለስ። ኤክስኢንክሉድ ፎልባክ የሚባል ነገር አለው። የሚገባው ፋይል ካልተገኘ በምትኩ ይህን ተጠቀም የሚባልበት ነው። ፎልባክ ከሌለና ፋይሉ ከጠፋ ገጣጣሚው ሥራውን ያቆማል። ፎልባክ ካለና ባዶ ከሆነ ግን ገጣጣሚው ባዶውን አስገብቶ ያልፋል። ቀጥሎ ፍተሻው ይመጣል። ዶክቡክ ማስጠንቀቂያ ይኑር ብሎ አያስገድድም፤ ካለ የት መቀመጥ እንደሚችል ብቻ ነው የሚናገረው። ስለዚህ መጽሐፉ ያልፋል። ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ የሚለው ቃል የለበትም፣ ግን ቫሊድ ነው። ኤክስኤምኤል-ሊንትም ጂንግም እኩል ይመሰክሩለታል። መሣሪያዎች በአንድ ድምፅ መስማማታቸው ብቻውን እንደማይበቃ እዚህ ላይ ይታያል።

እኛም አንድ ረቂቅ ላይ እንዲህ ያለ ባዶ ፎልባክ አግኝተናል። ሳይቃጠል በቅጠል ደረስንበት። ያንን መመሪያ ይዞ ማሽኑ ፊት የሚቆመው ሰው ስለ ስኪማ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም የለበትም። የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ይህን ሥራ በቁም ነገር የምይዘው ለዚህ ሰው ስል ነው።

እንዲህ ያለውን የሚይዘው ስኪማትሮን ነው። ሪላክስ ኤንጂ የሰነዱን ቅርጽ ይናገራል። ስኪማትሮን ደግሞ «ክዳን መክፈት የሚያዝ ቅደም ተከተል ካለ፣ ከፊቱ ማስጠንቀቂያ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕጉ ሲጣስ የሚወጣውን መልእክት የምንጽፈው እኛው ስለሆነን ጸሐፊው በሚገባው ቋንቋ ልንነግረው እንችላለን። ይህን በጣም እወድለታለሁ። ግን እሱም ከመሣሪያ ልዩነት አላመለጠም። ስኪማትሮን ጥያቄዎቹን የሰነዱን ክፍሎች በሚጠቁመው በኤክስፓዝ ቋንቋ ነው የሚጽፈው፤ የትኛውን የኤክስፓዝ ትውልድ እንደሚጠቀም በፋይሉ አናት ላይ ይታወጃል። ሊብኤክስኤምኤል2 የሚያውቀው የመጀመሪያውን ትውልድ ብቻ ነው። የሁለተኛውን ትውልድ ቃላት የተጠቀመ ሕግ እዚያ አይሠራም። እኛ ሕጎቻችንን በተቻለ መጠን በመጀመሪያው ትውልድ እንጽፋለን። ትንሽ ይረዝማሉ፤ ግን በሁሉም ቦታ ይሠራሉ።

የአይዲ ጉዳይም አለ። ማስጠንቀቂያው መለያ አለው እንበል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ቦታ ሲገባ ያው መለያ ሁለቴ ይመጣል፤ ይህ አይፈቀድም። ፋይሉ ብቻውን ሲፈተሽ ምንም ችግር የለበትም። ተቃራኒውም አለ። ምዕራፍ ሁለት «ምዕራፍ አምስትን ይመልከቱ» ብሎ ሲጠቁም፣ ምዕራፍ ሁለት ብቻውን ሲፈተሽ የተጠቆመው ነገር የለም ይባላል። በሙሉ መጽሐፉ ውስጥ ግን አለ። ስለዚህ ክፍሎቹን መፈተሽ ሙሉውን ከመፈተሽ አያድንም፤ ሙሉውን መፈተሽም ክፍሎቹን ከመፈተሽ አያድንም። በዚያ ላይ የመለያ ፍተሻ በሪላክስ ኤንጂ ዋና ደንብ ውስጥ የለም። በ2001 ከዲቲዲ ጋር ለማጣጣም ተብሎ በወጣ ሌላ ደንብ ውስጥ ነው ያለው። ጂንግ ካልከለከልከው ይፈትሻል። ሌላ መሣሪያ ደግሞ ሳይፈትሽ ቢያልፍ የዋናውን ደንብ ሕግ አልጣሰም።

ኤክስኤስዲ ስለሚባለው ሌላ የስኪማ ቋንቋ ብዙ አልልም፤ ብዙ ቢሮ የሚጠቀመው እሱን ነው፣ እኛ ግን አንጠቀምበትም። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ የስኪማው አድራሻ ተብሎ ሰነዱ ውስጥ የሚጻፈው ነገር በደንቡ መሠረት ጥቆማ ነው፤ መሣሪያው ሊከተለውም ሊተወውም ይችላል። ሁለተኛ፣ በ2012 የወጣውን 1.1 ስሪት ሊብኤክስኤምኤል2 አያውቀውም። በ1.1 የተጻፈ አዲስ ሕግ ያለው ስኪማ ሲሰጠው ስኪማውን ራሱን አልቀበልም ይላል። ይህ እንኳ ደግ ነው። ጮኾ የሚወድቅ መሣሪያ ዝም ብሎ ከሚያልፍ ይሻላል።

ዝም ብሎ ከሚያልፈው ወገን አንዱ የነባሪ አትሪቢዩቶች ጉዳይ ነው። ዲቲዲ «ይህ አትሪቢዩት ካልተጻፈ ዋጋው ይሄ ነው» ማለት ይችላል። ፓርሰሩም ያንን ሰነዱ ላይ ይጨምራል። ሪላክስ ኤንጂ በተፈጥሮው ምንም አይጨምርም፤ ፈትሾ ይመልሳል። ዲታ (DITA) በተባለው ሌላ የመመሪያ ቋንቋ ውስጥ እያንዳንዱ ኤለመንት የማን ዘር እንደሆነ የሚናገረው አትሪቢዩት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ጸሐፊው አይጽፈውም፤ ቀጣዩ ፕሮግራም ግን ያለ እሱ አንድ እርምጃ አይሄድም። ዲቲዲውን ያነበበ ፓርሰርና ያላነበበ ፓርሰር ለቀጣዩ የሚያቀብሉት ሰነድ ይለያያል።

ከዚያ ደግሞ ስኪማው የት ነው ያለው የሚለው ጥያቄ አለ። ብዙ ሰነድ የሕጉን አድራሻ በኢንተርኔት አድራሻ ይጽፋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፋይል በከፈቱ ቁጥር ያንን አድራሻ ይጠይቃሉ። በ2008 ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም ለእነዚህ ፋይሎች ብቻ በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጥያቄ እንደሚደርሰው በይፋ ጽፎ ነበር። ለዓመታት የማይቀየር ፋይል በቀን 130 ሚሊዮን ጊዜ! መድኃኒቱ ያኔም ነበረ፤ ኦኤሲስ የተባለው ደንብ አውጪ ድርጅት ያወጣው የኤክስኤምኤል ካታሎግ ይባላል። «ይህ አድራሻ ሲጠራ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ይህን ፋይል ተጠቀም» የሚል ቀላል ዝርዝር ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የሚሠራ ሰው ጥቅሙ ወዲያው ይገባዋል። አዲስ አበባ ላፕቶፕ ላይ መብራትና ኔትወርክ እያየ የሚሠራ ጸሐፊ ፍተሻው በኔትወርክ መኖር አለመኖር መወሰን የለበትም። ለእኔ የካታሎግ ዋና ጥቅም ግን ፍጥነቱ አይደለም። ሁላችንም በአንድ የስኪማ ስሪት መፍረዳችን ነው። ካታሎጉና ስኪማዎቹ ከሰነዱ ጋር አብረው ይቀመጣሉ፤ የሰነዱን ቅጂ የወሰደ ሰው ሕጉንም አብሮ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ፍተሻውን ሁልጊዜ ኔትወርክ ዘግተን እናካሂዳለን። አንድ ነገር ከውጭ ሊጎትት የሞከረ እንደሆነ ያኔውኑ ይታወቃል።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚነካው ነገር ልምጣ።

ኤክስኤምኤል ሲወጣ የኤለመንት ስም ሊሆኑ የሚችሉት ፊደላት በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ዝርዝር) 2.0 ተወሰኑ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 ነው፤ በ1999። ስለዚህ በኤክስኤምኤል ውስጥ በአማርኛ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፣ «ማስጠንቀቂያ» የሚል ኤለመንት መፍጠር ግን አይቻልም ነበር። በጽሑፉ ውስጥ የተፈቀደው ፊደል በስም ቦታ ሲመጣ ሰነዱን ዌል-ፎርምድ እንኳ እንዳይሆን ያደርገዋል። የክመርና የበርማ ፊደሎችም በዚሁ ተይዘው ነበር። በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን ለማስተካከል ወጣ፤ ብዙ ሰው ግን አልተቀበለውም። በኖቬምበር 2008 የ1.0 አምስተኛ እትም ሕጉን አላላ። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ስም ተፈቅዷል። እንዲያውም ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ አራት ነጥብ ሳይቀር ስም ውስጥ ሊገባ ይችላል። (ሁለት ነጥብ ግን እንደ ክፍት ቦታ አይቆጠርም። ለኤክስኤምኤል ቃል የሚለየው ስፔስ፣ ታብና የመስመር መጨረሻ ብቻ ነው።)

ወረቀቱ ላይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። መሣሪያዎቹ ጋ ግን አላለቀም። ሊብኤክስኤምኤል2 አምስተኛውን እትም ይከተላል። የጃቫው ዜርሰስና ኤክስፓት የተባለው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፓርሰር የቆሙት አራተኛው ላይ ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የኤክስኤምኤል አንባቢ ከሥሩ ኤክስፓት ነው። «ማስጠንቀቂያ» የሚል ኤለመንት ያለው ፋይል በኤክስኤምኤል-ሊንት ሲከፈት ያልፋል፤ ያንኑ በፓይተኑ አንባቢ ሲከፍቱት ገና የመጀመሪያው ታግ ላይ ይወድቃል። ስለ ቫሊድ ገና አልተነጋገርንም። ፋይሉ ኤክስኤምኤል ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው ያልተስማሙት።

ይህን መጀመሪያ ሳይ ከልቤ አዝኛለሁ። ለሀገር ውስጥ መዝገብ፣ ለመዝገበ ቃላት፣ ለጥንታዊ ጽሑፍ የሚሆን ስኪማ በራሳችን ቃል መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ፍላጎታቸው ተገቢ ነው። በኔ ግምት ግን ፋይሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ሌላ የሚሄድ ከሆነ ዛሬም የኤለመንትና የአይዲ ስሞችን በላቲን ፊደል ማድረግ ይሻላል። ይዘቱ በሙሉ በአማርኛ ይሁን። በራሳችን ፊደል ስም የሚሰጥ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያስብ። ለኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «መሣሪያ»፣ ሌላው «መሳሪያ» ብሎ ቢጽፍ እኛ አንድ ነው እንላለን፤ ስኪማው ሁለት ነው ይላል። እዚህ ላይ ጥብቅ ፍተሻ ጓደኛችን ነው፤ ልዩነቱን ያኔውኑ ያወጣዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ ጋ የደረስንበት አሠራር ይሄ ነው። እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ብቻውን፣ «አስገባ»ን በሚፈቅደው ስኪማ ይፈተሻል። ይህ ጸሐፊው በኤዲተሩ የሚያየው ነው። ቀጥሎ መጽሐፉ በአንድ የታወቀ ገጣጣሚ ይገጣጠምና አንድ ወጥ ፋይል ሆኖ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ከዚህ በኋላ ማንም መሣሪያ ራሱ እንዲገጥም አይፈቀድለትም። ሁሉም የሚፈትሹት ያንን አንድ ፋይል ነው፤ በዋናው ስኪማ፣ ከዚያም በስኪማትሮን። ዋናው ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው። በቅደም ተከተል ላይ የነበረው ክርክር በአንድ ጊዜ ቆመ። ፍተሻውን የሚያካሂደው አንድ ትእዛዝ ነው፤ ጸሐፊውም ሰርቨሩም የሚጠሩት እሱኑ ነው። በየሰው ኤዲተር ውስጥ ያለው አረንጓዴ ምልክት ለጸሐፊው እርዳታ ነው፤ ፍርድ አይባልም።

ወጥ ፋይሉን ሁለት ዘራቸው የተለያየ መሣሪያዎች ይፈትሹታል፤ ጂንግና ኤክስኤምኤል-ሊንት። ካልተስማሙ ሥራው ይቆማል። አንዳንዶች «አንዱ ካለፈ ምን ቸገረ?» ይላሉ። ውሃ የሚያነሳ ክርክር አይደለም። አለመስማማታቸው ራሱ መረጃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ስኪማው ሁለት ትርጉም የሚይዝበትን ቦታ ነው።

አንድ ቅሬታ ነበር፤ ትክክለኛ ቅሬታ። ወጥ ፋይሉ ላይ ስህተት ሲገኝ የሚነገረው የመስመር ቁጥር የወጥ ፋይሉ ነው። ምዕራፍ ሦስትን የጻፈው ሰው አራት ሺህ ምናምንኛ መስመር ላይ ስህተት አለብህ ሲባል ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ኤክስኤምኤል ቤዝ ባለውለታችን ሆነ። ስህተቱ ከተገኘበት ኤለመንት ወደ ላይ እየወጣን የመጀመሪያውን ኤክስኤምኤል ቤዝ ስናገኝ ስህተቱ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ እናውቃለን። ሪፖርቱ አሁን የፋይሉን ስምና በአቅራቢያው ያለውን ርዕስ ይሰጣል። ለጸሐፊው ከመስመር ቁጥር የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ነው።

በጣም የምኮራበት ግን የተበላሹ ፋይሎች ስብስባችን ነው። ሆን ብለን ነው ያበላሸናቸው። አንዱ ላይ አይዲ ተደግሟል። ሌላው የሌለ ፋይል ይጠራል። ሌላው ባዶ ፎልባክ አለው። ሌላው ላይ ክዳን ይከፈታል፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ከእያንዳንዱ ጋር መውደቅ እንዳለበትና በየትኛው ደረጃ እንደሚወድቅ ተጽፏል። ማንኛውም መሣሪያ ወደ አዲስ ስሪት ከመቀየሩ በፊት በእነዚህ ይፈተናል። ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም ለፓርሰሮች የሚሆን ከ2,000 በላይ ፋይሎች ያሉት የመፈተኛ ስብስብ አለው። የእኛ ትንሽ ነው፤ የራሳችንን ሰነድ ግን ያውቃል።

ከስብስቡ አንዱ ፋይል ግን የተበላሸ አይደለም። ውስጡ ያለው አንድ «ማስጠንቀቂያ» የሚል ኤለመንት ብቻ ነው። ከጎኑ ኤክስኤምኤል-ሊንት እንደሚያልፈው፣ በዜርሰስና በኤክስፓት ደግሞ እንደሚወድቅ ተጽፏል። አንድ ቀን ከሁለቱ አንዱ አምስተኛውን እትም ከተቀበለ ይህ ፈተና ከተጻፈው ጋር አይገጥምም፤ እኛም በዚያው ጠዋት እናውቃለን።